የጋይዳው መልቀቂያ

ጋሼ ቪልቾን በር ላይ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ እንዳላየ ባለፈው ነበር። እኔ ግን ሥራውን አቁሞ ከሚፈርሰው የኑክሌር ጣቢያ አንዲት ብሎን እንኳ ሳትለካ እንዳትወጣ ደመወዝ የሚከፈለኝ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሠራተኞቹ ከኋላዬ «እመት ማህተም» ይሉኛል። ከፊቴም ይሉኛል።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻው ትልቅ ቧንቧ ተቆርጦ አለቀ። የቆራጮቹ አለቃ ጋሼ ቪልቾ ለዚህች ቀን ብሎ ጋይዳውን ደብቆ አስገብቶ ኖሯል። ጋይዳ የፍየል ቆዳ ስልቻ ነው፤ በአፍ ይነፉታል፣ በብብት ይጫኑታል፣ በተሰኩበት የእንጨት ዋሽንቶች ይጮኻል። አዳራሹ ውስጥ ሲነፋው ሠላሳ ሰው በመከላከያ ልብሱና በጎማ ጫማው እጅ ለእጅ ተያይዞ ጨፈረ። አልዋሽም፣ የእኔም እግር አላረፈም።

መውጫው ጋ ስንደርስ ግን ጭፈራው አበቃ። ወደ ውስጥ የገባ ዕቃ ሁሉ ውጭውም ውስጡም ይለካል፤ ውስጡን መለካት ካልተቻለ እንደተበከለ ተቆጥሮ እዚያው ይቀራል። ይህችን አንቀጽ የጻፍኳት ራሴ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በእሷው ምክንያት አንድ መኪና ሙሉ ብረት መልሻለሁ። የስልቻ ውስጥ ደግሞ በምን ይለካል?

ችግሩ የዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጁ ራሊትሳ የምትዳር መሆኑ ነው። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ጋይዳ ሳይነፋላት ከአባቷ ቤት አትወጣም። ጋሼ ቪልቾ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ብቻውን ያሳደጋት ልጅ ናት፤ በሌላ ሰው ጋይዳ ከምትወጣ ሠርጉ ቢቀር ይመርጣል።

«ልጄ፣ እባክሽ፣» አለኝ። «ውስጡ ያለው የገዛ ትንፋሼ ነው።»

«ትንፋሹን የሳብከው ከየት ነው፣ ጋሼ?»

 የራሱ ሰዎች ከኋላው ሳቁበት።

ከመካከላቸው አንዱ «በቢላ እንቅደደውና ለኪው» አለ። ጋሼ ቪልቾ ስልቻውን እንደ ሕፃን አቀፈው፤ አባቱ ናቸው የሠሩለት።  ያኔ ነው እሁድ እሁድ ጨጓራ ሳጥብ የማደርገው ትዝ ያለኝ። ጨጓራ ሊያጥብ ብሎ የሚቀደው ማን ነው?

«ገልብጡት፣» አልኩ።

ሬአክተር ያፈረሱ ሰዎች ጋይዳ ሊያፈርሱ ተሰለፉ። ሌላ አሠራር አያውቁምና የማፍረሻ ዕቅድ ጽፈው አስፈረሙኝ፤ በየዋሽንቱ ላይ ቁጥር አንጠለጠሉ፤ እያንዳንዷ ክር ስትፈታ ፎቶ አነሱ። ስልቻው በአንገቱ በኩል እንደ ካልሲ ተገለበጠ። መለኪያዬን ቀስ እያልኩ አሳለፍኩበት፤ ዋሽንቶቹንም በቀጭን የመለኪያ ዘንግ ውስጥ ውስጣቸውን ለካሁ።  ምንም የለበትም። ስልቻውን መልሰው ሲገለብጡልኝ «ተለክቶ ተለቋል» የሚለውን አረንጓዴ ወረቀት ከውጭ በኩል ለጥፌ ፈረምኩበት።

መገጣጠሙ ባሰ። ከመውጫው ወዲያ፣ ንጹሕ አየር ባለበት ክፍል አስረው ሲነፉት ስልቻው ያፏጫል። የቧንቧ ፈታሾቹ ልክ እንደ ቧንቧቸው የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው በተነፋበት ሁሉ እንደገና አጠበቁት። በሦስተኛው ሙከራ አየር ሲይዝ ክፍሉ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ጋሼ ቪልቾን በራሴ መኪና ጭኜ ከነፍኩ። እሱ ከኋላ ወንበር ይነፋል፣ እኔ ከፊት ጥሩምባ እነፋለሁ።

ራሊትሳ በሙሽራ ልብሷ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በር ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ የት ቆየህ?»

«እመት ማህተም ይዛኝ!»

ነፋላት። እልልታው፣ ጭብጨባው ቀለጠ። እግሯን ከደጃፉ ልታነሳ ስትል ግን ጋይዳው ቀጥ አለ። ጋሼ ቪልቾ ልጁን ያያታል፤ መንፋት አቃተው።  ከዚያ አረንጓዴውን ወረቀት ከስልቻው ላይ ላጥ አድርጎ ትከሻዋ ላይ ለጠፈው።

«ይሄ ፊርማ የጋይዳው ነው፣» አለኝ፤ እየሳቀ እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። «ለእሷም ጨምሪበት፣ አለዚያ አልለቃትም።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። በሃያ ዓመት ሥራዬ ሳልለካ የፈረምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።