ኩዎፒዮ ላይ የሳለችው ሴት

ባሌ ኡርፖ ከሮክ ዘፋኙ ከሮይኔ ካርሃ ሌላ አምላክ የለውም። ምድር ቤታችን ከወለል እስከ ጣሪያ ካሴት ነው፤ ሱቅ ለሁለት ሳምንት ብቻ የተሸጠ ቪዲዮ፣ ከጃፓን በፖስታ የመጣ፣ አንዱ ካፖርቱ ውስጥ መቅጃ ደብቆ የቀዳው ኮንሰርት። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ከተማውንና ማን ምን እንደተጫወተ ጉንዳን በምታክል ፊደል ይጽፋል። እኔ አንዱንም አንብቤ አላውቅም። በካሴት የሚቀና ሰው አለ ቢሏችሁ እኔ ነኝ።

ከሁሉ የሚሳሳለት በ1988 ክረምት ኩዎፒዮ ከተማ ለተቀዳው የኮንሰርት ድምፅ ነው። ካርሃ በዕድሜው አንዴ ብቻ የዘፈናት ዘፈን አለች፤ ያለችውም እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ጊታሩ ዝም ብሎ ሰውየው በለሆሳስ ሲጀምር አንዲት ሴት ትስላለች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ሳል እንዳይመስላችሁ፣ ነጎድጓድ ነው! ከታምፔሬ እስከ ኦስሎ ያሉ ሰብሳቢዎች በሙሉ “ሳለኛዋ” ይሏታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲረግሟት ኖረዋል።

ሳለኛዋ እኔ ነኝ።

ምን ላድርግ? የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ብርድ መትቶኝ ነበር። ኡርፖን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ገና በተዋወቅን ሳምንት ካሴቱን አሰማኝና “ይቺን ሴትዮ ባገኛት ሐይቅ ውስጥ ነበር የምነክራት” አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው “እኔ ነኝ” ትሉታላችሁ? ወደድኩት፣ አፌን ዘጋሁ፣ አገባሁት። ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ትራስ ነክሼ መሳል ለመድኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛው ካውኮ በረዶውን ከጫማው ሳያራግፍ እየጮኸ ገባ።

“ኡርፖ! የኩዎፒዮው ኮንሰርት ቪዲዮ ተገኘ! አሥራ አንድ ካሴት ሰጥቼ ለወጥኩት!”

“ዋሸህ!”

“እናቴ ትሙት! ደግሞ ካሜራው ወደ ሕዝቡ ይዞራል። ዛሬ የዚያችን ጉደኛ ፊት እናያለን!”

“መጀመሪያ ሳውና” አለ ኡርፖ። “እንዲህ ያለ ነገር ሳይታጠቡ አይታይም።”

እነሱ እንፋሎት ሊታጠቡ ሲገቡ እኔ የካውኮን ቪዲዮ ይዤ ምድር ቤት ማጫወቻው ፊት ተንበረከክኩ። የአየር ትንበያ ቀድቼበት ላጠፋው ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ማንም እንዳይቀዳበት ጥጉ ላይ ያለችውን ፕላስቲክ ሰብረዋታል። ቀዳዳው ከተደፈነ መልሶ ይቀዳልና ፕላስተር ስለጥፍበት በሩ ተከፈተ። ኡርፖ ነው፤ ፎጣ አገልድሞ፣ ቲማቲም መስሎ።

“ቴሌርቮ፣ ምን እየሠራሽ ነው?”

እንባዬ መጣ። “ሳለኛዋ እኔ ነኝ። በቃ! ሐይቁም ያውልህ፣ ንከረኝ!”

“አውቃለሁ።”

“ምኑን?”

“በተጋባን ክረምት ጉንፋን ያዘሽ። እዚህ ወርጄ ከካሴቱ ጋር አነጻጸርኩት። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። የካርሃን ከበሮ መቺ በማስነጠሱ የምለይ ሰው የሚስቴን ሳል ላጣው?”

“ታዲያ ከካውኮ ጋር ለምን ትረግመኝ ነበር?”

“ካልረገምኩሽ ይጠረጥራላ!”

“አንተ የማትረባ! ሠላሳ ዓመት ትራስ ስታስበላኝ!”

ፎጣውን ልገፍፈው ስል ከመደርደሪያው አንድ ካሴት አውጥቶ ሰጠኝ። መነጽሬን አደረግኩ። ጽሑፉ ደብዝዟል፣ በወጣትነቱ የጻፈው ነው፦ “ኩዎፒዮ። ድምፅና ጊታር፦ ሮይኔ ካርሃ። ከበሮ፦ ሲምኦ ላህቲ። ሳል፦ ቴሌርቮ።”

ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ፕላስተሩን ከቪዲዮው ላይ ላጥኩት።

ካውኮ ቋሊማውን ይዞ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ዘፈኗ ደረሰች፣ ካሜራው ዞረ። ጨለማ ውስጥ አንድ ቢጫ የሱፍ ኮፍያ ታየ፤ ፊቱ አይለይም።

“ያቺት!” አለ ካውኮ መስታወቱ ላይ ሊለጠፍ ደርሶ። “ማን ትሆን ይቺ ርጉም?”

ኡርፖ ዞር ብሎ አየኝና ጠቀሰኝ። ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን ለቀቅኩት፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

የካውኮ ቋሊማ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።