ቀሚሴን ልበስ

አባቴ የፈለገው ወንድ ልጅ ነበር። እኔ ስወለድ ተስፋ አልቆረጠም፤ ገና በዳዴ ከምሄድበት ጊዜ ጀምሮ «አንተ» አለኝ፣ በቃ። ወድቄ ጉልበቴ ሲላጥ «ተነስ አንተ፣ እንባ ለሴት ነው» ይለኛል፤ እነሳለሁ። ጎረቤቱ «እሷ እኮ ወንድ ናት» ሲል ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

አንቺ መባልን ያስለመደኝ ባሌ ነው። እሱ የቲያትር ቤቱ መብራት ሠራተኛ፣ እኔ ተዋናይት። «አንቺ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ» ሲለኝ እንኳ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ይህን አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። እንዴት ብዬ፣ ወንድ አይደለሁ?

ዘንድሮ አንድ የጥንት አሳዛኝ ተውኔት ያዝን። ንግሥቲቱ የፈራ ባሏን «ወንድ ከሆንክ ውጣ» እያለች ወደ ጦርነት ትገፋዋለች፤ በቃሬዛ ይመለስላታል። አዘጋጁ ገጸ ባሕርይዋን ሲሰጠኝ አንቺ መተወን አያስፈልግሽም አለኝ። ደስ አለኝ፣ ሞኟ።

በመጨረሻው የልምምድ ቀን ከመድረኩ በላይ አንዱ መብራት ጠፋ። ባሌ መሰላሉን አጋምሶ ቆመና ተመልሶ ወረደ። ራሴን አዞረኝ፣ መሰላሉም ይወዛወዛል፣ ነገ የሚይዝልኝ ረዳቴ ሲኖር ልውጣ አለ። አዘጋጁ ሰዓቱን አየ። ተዋንያኑ ተጠቃቀሱ። እኔ በንግሥቲቱ ልብስ ቆሜ አፈርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ያፈርኩት ለእሱ አልነበረም፣ ለራሴ ነው።

«ሱሪህን አምጣና እኔ ልውጣ» አልኩት። «አንተ ቀሚሴን ልበስ።»

ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ትንሽ አየኝና መሰላሉን ያዘ። አምፖሉን ነቅሎ አዲሱን ሲያስገባ አይቻለሁ። መብራቱ በራ፤ ከዚያ መሰላሉ ከእግሩ ሥር ሸሸ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ውሸት ነው። ሲያመልጠኝ አውቄዋለሁ፣ መመለስ ነው ያቃተኝ።

ሁለቱም እግሮቹ እስከ ዳሌው በጀሶ ታሸጉ፤ እጆቹም በፋሻ ተጠቀለሉ። ሐኪሙ መትረፉን እንጂ መራመዱን አልነገረኝም። ባሌ አሥራ ስምንት ቀን ከነርሷ ጋር ያወራል፣ ከአባቴ ጋር ያወራል፤ እኔ ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ማረኝ አልኩት። እግሩ ሥር ተንበረከኩ። ይስደበኝ፣ ይርገመኝ፣ ብቻ አንድ ጊዜ «አንቺ» ይበለኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። ኮሪደር ላይ ወጥቼ ላለቅስ ብሞክር እንባዬ እምቢ አለ። አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎሽ አንተ» አለኝ። ያን ቀን አባቴን ጠላሁት።

ከሆስፒታል የሚወጣ ቀን ደህናውን ሱሪውን ተኩሼ ሄድኩ። ነርሷ ሱሪውን አይታ ሳቀች። በዚህ ሁሉ ጀሶ ላይ እንዴት ይገባል፣ ከፊት የሚቆለፍ ሰፊ ቀሚስ የለሽም ወይ አለችኝ። ምን ታውቃለች፣ በየዋህነት ነው። በአንሶላ እንሸፍነው ብዬ ለመንኳት፤ የሆስፒታሉ ንብረት ነው፣ አይወጣም አለች። ባሌ ዓይኑን ጨፈነ።

ቤት ሄጄ ከቀሚሶቼ ሰፊውን፣ ግራጫውን፣ ይዤ መጣሁ። እኔና ነርሷ ደግፈን አለበስነው። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። እሷ ተሽከርካሪ ወንበር ልታመጣ ስትወጣ በፋሻ በተጠቀለለው እጁ የደረቱን ቁልፍ ይታገላል፤ ሊይዝለት አልቻለም። ከዚያ ፊቱን ከግድግዳው ወደ እኔ መለሰ። በአሥራ ስምንት ቀን መጀመሪያው ነው።

«አንተ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ቆልፍልኝ።»

አንድ በአንድ ቆለፍኩለት።