ግድግዳ የተጠጋው ሳጥን

የሻምበል በሙያው አናጺ አልነበረም። የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ለሙቀት መለኪያው ሳጥን መጋዙን የተዋሰው ከአምደወርቅ፣ ነጭ ቀለሙን ያስመጣው ከሰቆጣ ነው። ከቤቱ ሠላሳ እርምጃ ርቆ፣ ነፋስ እንደ ልብ በሚያገኘው ሜዳ ላይ በአራት እግር አቆመውና ቴርሞሜትሩን ውስጡ ሰቀለ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ጠዋትና ማታ ሙቀቱን እያነበበ፣ ሰማዩን እያየ፣ በሬዲዮ ለሰቆጣ ይናገር ነበር። ደመወዝ የለውም። ስልክ ሠራም አልሠራ፣ እንደ እሱ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ከየተራራው ያዩትን በረዶና ውርጭ ያስመዘግባሉ።

አምና ሲያርፍ ሥራውን የያዘችው ሚስቱ የትናየት ናት። ቀን ቀን ባዮሎጂ ታስተምራለች። ማንም ያዢልን ብሎ አልጠየቃትም፤ ከቀብሩ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሬዲዮውን ከፍታ ቁጥሩን ተናገረች። ሰቆጣ ሆኖ ጣቢያዎቹን በተራ የሚጠራው ባለሱቁ አብዱሰመድ "ተመዝግቧል" አላት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሐዘኗ አልተነጋገሩም። ጣቢያው ግን በዝርዝሩ ላይ አሁንም "የሻምበል" ይባላል። በቀን ሁለት ጊዜ አንድ ሰው ስሙን ይጠራል፤ እሷ "አቤት" ትላለች።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ በረታ። የሳጥኑ ቀለም ተላጠ፤ አንደኛው እግር መበስበስ ጀመረ። ባሏ እንጨቱን ሲቆርጥ በእርሳስ ያሰመራቸው መስመሮች በውሃ ሲደበዝዙ ስታይ አላስቻላትም። አቅፋ ወስዳ ከቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ጋር፣ ከጣሪያው ሥር አስጠጋችው። ለማንም አልነገረችም፤ የሚነገር ነገርም አልመሰላትም።

ጥቅምት ገባ። አንድ ማታ አብዱሰመድ ጠራ።

"የሻምበል።"

"አቤት። አሥራ አንድ ዲግሪ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ነፋስ የለም።"

"አሥራ አንድ? ከእናንተ በታች ያለው ጣቢያ ሰባት ብሎኛል እኮ። ምነው የትናዬ፣ ፀሐይዋን ጓዳ አስገባችኋት እንዴ?"

ከሌላ ተራራ አንድ ሰው ሳቀ። ቀልዱ ለእሷ ሳይሆን ለባሏ የተወረወረ መሰላት።

"ያየሁትን ነው የነገርኩህ" አለች። "ይቺ ቴርሞሜትር ዋሽታ አታውቅም።"

"እሺ፣ እሺ። ያየሽውን መዘገብኩ።"

ደንባቸው ይኸው ነው፤ ያዩትን እንጂ የገመቱትን አያስመዘግቡም። ማታ ከስምንት ዲግሪ ከወረደ፣ ሰማዩ ከጠራና ነፋስ ከጠፋ ሊነጋጋ ሲል ውርጭ እንደሚጥል ለገበሬዎቹ ያስተማራቸው የሻምበል ነው። እንዲህ ባለ ማታ በየማሳው ዳር ጭድና እርጥብ ቅጠል ይከመራል፤ ሊነጋ ሲል ይለኮስና ጭሱ ባቄላውን እንደ ጋቢ ያለብሰዋል። አሥራ አንድ ከተባለ ግን ሁሉም ይተኛል።

ሁሉም ተኛ። ጠዋት ጎረቤቷ አያ መንግሥቴ አንድ የባቄላ አገዳ ይዘው መጡ።

"እንዴት አደሩ፣ አያ?"

"እኔስ አደርኩ። ያላደረው ባቄላው ነው።"

አገዳው የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ጠቁሮ ተዝለፍልፏል።

"ሁሉም ነው?"

"የላይኛው ማሳ ሙሉ። የታችኛው ለዛሬ ተርፏል።" ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። "ትናንት ማታ እንዲህ ጠርቶ ሳለ ልቤ አጭስ አጭስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ያንቺን ቁጥር ነገሩኝ። ድሮ የሻምበልን፣ ከቁጥርህ ዓይኔ ይበልጣል እያልኩ ስሞግተው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ረታኝ። እኔም ዓይኔን ማመን ተውኩ።"

አልወቀሷትም። ቢወቅሷት ይሻላት ነበር።

ያን ዕለት ከትምህርት ቤት የተመለሰችው ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። ሳጥኑን ልትከፍት ስታጎነብስ ትከሻዋ ግድግዳውን ነካ። ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ይዞ ይሞቃል። እጇን ዘርግታ ዳበሰችው፤ ከዚያም እጇ ድንጋዩ ላይ እንዳለ ሳጥኑን አየች፤ ስታነብ የከረመችው የአየሩን ሳይሆን የግድግዳውን ሙቀት ኖሯል። ተማሪ እንዲህ ቢሳሳት ዜሮ ትሰጠው ነበር።

ሳጥኑን አቅፋ ወደ ሜዳው ተመለሰች። እግሮቹ የነበሩባቸውን ጉድጓዶች ሣር ውጧቸው ስለነበር በጣቷ ፈለገቻቸው። አቁማው ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ የቴርሞሜትሩ ቁጥር መውረዱን እስኪያቆም ጠበቀች።

"የሻምበል።"

"አቤት። ስድስት ዲግሪ። ጥርት ያለ፣ ነፋስ የለም። ውርጭ ይጥላል፤ በዙሪያችን ላሉት ቀበሌዎች ሁሉ ንገር።" የሬዲዮውን መናገሪያ ቁልፍ ሳትለቅ ቀጠለች። "አብዱ፣ ከሐምሌ አሥራ ስድስት ጀምሮ የሰጠሁህን በሙሉ ሰርዝ። ሳጥኑን ግድግዳ አስጠግቼው ነበር።"

"የትናዬ፣ ይኼ እኮ ሦስት ወር ነው። የእሱ መዝገብ አንድ ቀን እንኳ ተቋርጦ አያውቅም። አራት አራት ዲግሪ ልቀንስበትና ዝም እንበል።"

"አራት መሆኑን አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"እኔም አላየሁም። ሰርዝ።"

"እሺ እኅቴ። ሰረዝኩ።"

ጋቢዋን ደርባ ወደ አያ መንግሥቴ የታችኛው ማሳ ወረደች። እሳቸው ጭድ ይከምራሉ።

"አያ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳጥኑን ዝናብ እንዳያበላሸው ብዬ..."

"ስታስጠጊው አይቻለሁ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። "ሰው የሚወደውን ከዝናብ ያስጠልላል ብዬ ዝም አልኩ። ለቁጥሩ መጥፎ መሆኑን እኔ ምኑን አውቄ። በይ ያንን ቅጠል አቀብዪኝ።"

ጎህ ሲቀድ ጭሱ በማሳው ላይ ተኝቶ፣ የባቄላው አናት ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። የትናየት ቴርሞሜትሩን አይታ፣ ለአብዱሰመድ ነግራ ስትመለስ አያ መንግሥቴ አንዱን ቅጠል በጣታቸው እያሹ ነው።

"ለስላሳ ነው፤ አልሞተም። ስንት ሆነ?"

"ከዜሮ በታች አንድ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ሳጥኑ ወደቆመበት ሜዳ ዞረው በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ አንድ ነገር አሉ፤ ረዘም ያለ፣ ረጋ ያለ። ለማን እንዳሉት ገባት። ምን እንዳሉ ግን አልገባትም፤ ይተረጉምላት የነበረው የሻምበል ነው።