በሩሀማ ጓሮ የሚያልፈው ገመድ

ዮፍታሄ የሕንፃ ንድፍ ይሠራል። ሐዋሳ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራና አዲስ አበባ ላሉ መሐንዲሶች በኢንተርኔት ይልካል። ይልካል ማለት እንኳን ማጋነን ነው፤ ለመላክ ይሞክራል። ስልኩን ኔትወርክ ፍለጋ መስኮት ላይ ሰቅሎ፣ ምሳውን በልቶ፣ ባህል አዳራሽ ሰፈር ድረስ ሄዶ ፀጉሩን ተስተካክሎ ሲመለስ ንድፉ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ለቤት የሚሆን ኢንተርኔት ሊያስገባ ወሰነና ወደ መሸጫው ሄደ።

ሻጯ ሴት ነገሩን አቅልላ ነገረችው። «በሲም ካርድ የሚሠራው ሳጥን አለ። መስኮት አጠገብ ብታደርገው ለሦስት ሰው ቤትና ለአንተ ሥራ ይበቃል። ገመድ የለው፣ ጣጣ የለው፣ ዛሬውኑ ይዘኸው መሄድ ትችላለህ። ፋይበር ካልክ ግን ገመድ መሳብ አለበት።»

«ገመዱ ከየት ነው የሚመጣው?»

ሻጯ አድራሻውን ኮምፒውተሯ ላይ አየች። «ከቤታችሁ ኋላ ካለው ምሰሶ። በጎረቤታችሁ ጓሮ በኩል ነው የሚያልፈው።»

ጎረቤት ማለት አቶ ሕዝቅያስ ናቸው። የአቶ ሕዝቅያስ ልጅ ደግሞ ሩሀማ ናት።

«ፋይበር!» አለ ዮፍታሄ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የዮፍታሄ ቤት ግን ጸሎት እንጂ ጠላ ስለማያውቅ፣ ልጁ ያባውን እንዳባ ሁለት ዓመት ኖሯል። ሩሀማን ይወዳታል። እሑድ በመዘምራኑ መካከል ቆማ ያያታል፣ ማክሰኞ ልብስ ስታሰጣ ያያታል፣ «ደህና ዋልሽ» ይላታል፣ ከዚያ ወዲያ ምላሱ ይታሰራል። እሷም «ደህና ዋልክ» ብላ ትንሽ ትቆማለች። ቆማ ቆማ ትገባለች። ጆሮ ካለህ ስማ የሚያሰኝ አቋቋም ነው፤ እሱ ግን ንድፍ እንጂ ሴት ልጅን ማንበብ አልተማረም።

ቤት ሲደርስ አባቱ አቶ ማቴዎስ ጉዳዩን እንደ ዳኛ ይዘው ጠበቁት። «ሳጥኑ ካለ ገመድ ምን ያደርጋል? ደግሞስ ጦጣው ሁሉ ከሐይቁ ዳር እየመጣ ዥዋዥዌ ሊጫወትበት!»

«አባዬ፣ ሳጥኑ እኮ እንደ ቦኖ ውሃ ነው» አለ ዮፍታሄ፣ ከወንበሩ እየተነሳ። «ሰፈሩ ሁሉ ከአንድ ማማ ይቀዳል። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ይቀጥናል። የፍቼ በዓል ሲደርስ ደግሞ ጉዱማሌ ሜዳ የተሰበሰበው ሕዝብ በሙሉ ቪዲዮ ሲልክ አስበው! ፋይበር ግን እስከ በራችን የሚመጣ ቧንቧ ነው።»

«በስልክ ገመድ የሚመጣውስ? የድሮው?»

«እሱ መዳብ ነው፣ ከሩቅ ሲመጣ ይደክማል። ፋይበር የመስታወት ክር ነው፣ በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው። ደግሞ ፍጥነቱን ስታይ የሚያወርደውን ብቻ አትይ፣ የሚልከውንም እይ። እኔ የምኖረው በመላክ ነው!»

የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ግን ስለ መስታወት ክር ሲያወራ ጆሮው ድረስ የሚቀላ ሰው ታይቶ አይታወቅም። እናቱ ወይዘሮ አስካለ ሽንኩርታቸውን እየከተፉ ቀና ብለው አዩት፣ ፈገግ አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

አቶ ማቴዎስ ተረቱ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአቮካዶ ዛፍ ሰበብ ከአቶ ሕዝቅያስ ጋር ከተኳረፉ ከርመዋል። የማን ቅርንጫፍ በማን ጣሪያ ላይ እንደወደቀ አሁን ሁለቱም በቅጡ አያስታውሱትም፤ ኩርፊያው ግን እንደ አዲስ ነው። እና አሁን ሄደው «በጓሮህ ገመድ ላሳልፍ» ሊሉ ነው? ሞት ይሻላል! «ሽማግሌ እንልካለን» አሉ። ቅዳሜ ገመድ የሚስበው ሠራተኛ መጥቶ የገመዱን መንገድ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ለዮፍታሄ አሳየው፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተላኩ።

የተላኩት ጋሽ ሙሉጌታ፣ ሐጂ አብዱልፈታህና የዕድሩ ዳኛ ናቸው። ጋሽ ሙሉጌታ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሲሆኑ የሰፈሩን ግማሽ ያጋቡ ሰው ናቸው። ስህተቱም የተሠራው እዚህ ላይ ነው። በሕይወታቸው ሙሉ ሽማግሌ ሆነው የሄዱት ለጋብቻ ስለነበረ፣ ለገመድም ሲሄዱ የጋብቻውን ኮት ለበሱ። ሐጂና ዳኛውም እሳቸውን አይተው ለበሱ።

ዮፍታሄ መጠበቅ አልቻለም። የውሃ ሮቶው ማማ ላይ ወጣና አንገቱን በአጥሩ አሻገረ። ሦስቱ አዛውንት ተሰልፈው የአቶ ሕዝቅያስ በረንዳ ላይ ቆመዋል።

«ኧረ ኖር! ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ አቶ ሕዝቅያስ።

«የለም፣ የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ፣ ከልምድ ብዛት። ሐጂ አብዱልፈታህ ደንግጠው በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው፤ ነገሩ ግን ካፍ ወጥቷል። ኮት ለብሶ፣ ተሰልፎ፣ አልቀመጥም ያለ ሽማግሌ ምን ፈልጎ እንደመጣ ሐዋሳ ውስጥ የማያውቅ የለም።

አቶ ሕዝቅያስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ውሃ አቀረረ። «ገባኝ» አሉ። «ከማቴዎስ ጋር በማይረባ ነገር ተኳርፈናል። ልጁ ግን ጨዋ ነው፣ ክፉ አይቼበት አላውቅም።»

«አቶ ሕዝቅያስ፣ አንድ ጊዜ ያዳምጡን…» አሉ ዳኛው።

«ደንቡ ቀጠሮ መስጠት ነበር፣ አውቃለሁ። ግን ዘመኑ የልጆቹ ነው። ሩሀማ! ነይ እስቲ!»

ሮቶው ላይ ያለው ሰው አንገቱን ይበልጥ አሰገገ። ሩሀማ እጇን በፎጣ እያደረቀች ብቅ አለች።

«ልጄ» አሉ አባቷ፣ «እነዚህ አባቶች ለዮፍታሄ አንቺን ሊጠይቁ መጥተዋል። ምን ትያለሽ?»

ሩሀማ ሽማግሌዎቹን አየች። ጋሽ ሙሉጌታ በላብ ተጠምቀዋል። ቀጥላ ቀና ስትል ከአጥሩ በላይ የዮፍታሄን ጭንቅላት አየች፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው።

«አባዬ፣ የመጡት ለፋይበር ነው።»

«ለምን?»

«ለኢንተርኔት ገመድ። ትናንት ዮፍታሄና ሠራተኛው አጥሩ ሥር ሲነጋገሩ በመስኮት ሰምቻለሁ። በጓሯችን እንዲያልፍ ሊያስፈቅዱ ነው የመጡት።»

ሐጂ አብዱልፈታህ «አልሐምዱሊላህ» ብለው እፎይ አሉ። አቶ ሕዝቅያስ ባርኔጣቸውን መልሰው መድፋት አልቻሉም፣ ማውለቃቸውም አሳፈራቸው። በገዛ በረንዳቸው ላይ ባዶ እጃቸውን የቀሩ መሰሉ።

«ገመዱ ይለፍ» አለች ሩሀማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ሌላ የሚጠየቅ ነገር ካለ ግን ጠያቂው ያውና፣ ሮቶ ላይ ቆሟል። አፍ አለው።»

አሥር ዓይን ወደ ላይ ዞረ። በዚህኛው ግቢ ደግሞ አቶ ማቴዎስና ወይዘሮ አስካለ ወጥተው ከሥር አንጋጠዋል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ዮፍታሄ ደጃዝማችነት አይፈልግም፣ የሚፈልጋት አሁን እያየችው ነው፣ ዝም ካለ ደግሞ እንደ ወትሮው ዞራ ትገባለች። የማማውን ብረት ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

«ሩሀማ!» ድምፁ ሰፈሩን አዳረሰ። «ሳጥኑ ይበቃኝ ነበር! በሲም ካርድ የሚሠራው! ሻጯ ነግራኛለች፣ ይበቃኝ ነበር! ፋይበር ያልኩት ገመዱ በናንተ በኩል ስለሚያልፍ ነው። እወድሻለሁ! አግቢኝ!»

«ምን?!» አሉ አቶ ማቴዎስ ከታች። «ያ ሁሉ ቦኖ! ያ ሁሉ የመስታወት ክር!»

«ዝም በል አንተ» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ በሽንኩርት ሳይሆን በደስታ እያለቀሱ።

ሩሀማ ፎጣውን አፏ ላይ አድርጋ እስኪበቃት ሳቀች። ሲበቃት ፎጣውን አውርዳ ቀና አለች፤ ፊቷ በእንባ ረጥቧል።

«ውረድና በበር ና» አለችው። «እሺ የምልህ አጠገቤ ስትቆም ነው።»

ዮፍታሄ እንዴት እንደወረደ አያስታውስም። ጫማውን ማማው ላይ ጥሎ በካልሲ ሲሮጥ አንድ ሰው በሩ ላይ ቀድሞት አገኘ፤ አባቱ አቶ ማቴዎስ የአቶ ሕዝቅያስን በር በሁለት እጃቸው እያንኳኩ፣ «ሕዝቅያስ፣ ወንድሜ፣ ክፈትልን!» ይሉ ነበር።