የደጉ ድርሻ

ዘካሪያ እባላለሁ። ሙዚቃ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ግልፍተኛ ሰው ነኝ። ደሴ ውስጥ ተቆጥቼው የማላውቅ የዋሽንት ተጫዋች ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ደጉን ግን አንድም ቀን አልተቆጣሁትም። ምነው አንድ ቀን በተቆጣሁት!

ሥራዬ የፈረንጆቹን ክላሲክ ለዋሽንት ማቀናበር ነው። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። አንድ ዋሽንት በተበሳበት ቅኝት ካሉት ድምፆች ሌላ አያወጣም። እኔ ታዲያ በተለያየ ቅኝት የተበሱ ዋሽንቶች ይዤ፣ አንዱን ዜማ ቆራርጬ ለአራት ሰው አከፋፍላለሁ። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል። በደንብ ከተሠራ መጋጠሚያው አይሰማም፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚነፋው ይመስላል። በዚህ ስኮራ ልክ አልነበረኝም።

አራታችን እኔ፣ ኢስራ፣ አራጋውና ደጉ ነበርን። ደጉ ኮምቦልቻ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ፈትል ክፍል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፈረቃ ወጥቶ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ይወጣና ፒያሳ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ ያለችው ክፍላችን ይመጣል፤ የፋብሪካው ጥጥ ፀጉሩ ላይ እንዳለ። ወፍራም ድምፅ ያለውን ረጅሙን ዋሽንት የሚነፋው እሱ ነው። ያ ዋሽንት ደግሞ ትንፋሽ ይጨርሳል።

አምና መስከረም ላይ ደረጃውን ሲወጣ መሃል ላይ መቆም ጀመረ። ከዚያ ረጅሙ ድምፅ ይቆረጥበት ጀመር። እሱ ሲስል ኢስራ አንገቷን ትደፋለች።

"ጋሼ፣ ይቺን አንዷን ድምፅ ቢያሳጥሩልኝስ?" አለኝ አንድ ቀን።

"ሐኪም ዘንድ ሄደሃል?"

"ኧረ ጉንፋን ነው! ደግሞ ደረቱን ታሟል ከተባልኩ ማን ያሠራኛል?"

ልቆጣው ይገባ ነበር። ዋሽንቱን ነጥቄ "ሂድ ታከም፣ ሳትታከም ዓይንህን እንዳላይ!" ማለት ነበረብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እለው ነበር። እሱን ግን እወደው ነበር፤ ከቡድኑ ከወጣ እንደሚሰበር አውቃለሁ። በጥር ወር ልናቀርበው ያሰብነው ኮንሰርትም እንዳይበላሽብኝ ፈራሁ። ወላሂ፣ ሁለቱም እውነት ነው።

ድምፁን አሳጠርኩለት። የተረፈውን፣ ሌላ ረጅም ዋሽንት አበጅቼ፣ እኔ ወሰድኩት። በሳምንቱ ሌላ ቀነስኩለት። ታኅሣሥ ሲገባ ከድርሻው የቀሩት መግቢያው ላይ ያሉት አራት አጫጭር ድምፆች ብቻ ነበሩ። እነሱን ከነፋ በኋላ ዋሽንቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ጣቶቹን ብቻ ያንቀሳቅሳል። በኮንሰርቱ ዕለት አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ፤ አንድም ሰው አላወቀም። ኢስራ በስልኳ ቀድታው ስለነበር ለሁላችንም ላከችልን።

መጋቢት ላይ ደጉ ሞተ።

በሠልስቱ ኮምቦልቻ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ የኔነሽ ከለቀስተኛው ለይታ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። የሱን ስልክ ይዛለች።

"ጋሽ ዘካሪያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሐኪም ቤት ሂድ እያልኩ ስንት ጊዜ ጨቀጨቅኩት። እሱ ይቺን የኮንሰርቱን ቅጂ ይከፍትልኝና 'በይ ስሚ፣ ይሄ የታመመ ሰው ትንፋሽ ነው?' ይለኛል። እኔም ሰምቼ ዝም እላለሁ። እስቲ ይስሙት።"

ረጅሙ ድምፅ መጣ። ሳይቆረጥ፣ ሳይንቀጠቀጥ ይሄዳል። የኔ ነው።

"እንዲህ የሚነፋን ሰው በሁለት ወር ምን ገደለው?" አለች። "ሐኪሙ ሳንባው ከተጎዳ ቆይቷል አለኝ። ተሳስቶ ነው አይደል?"

ያ አላህ! "አዎ" ብላት ትገላገል ነበር፤ እኔም እገላገል ነበር።

"እሱ አይደለም" አልኳት። "የነፋሁት እኔ ነኝ። ሲያቅተው የሱን እየወሰድኩ ነፋሁለት። እንዳይታወቅ አድርጌ የሠራሁትም እኔው ነኝ።"

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ፣ ብትመታኝ በወደድኩ። እሷ ግን ስልኩን አየችው።

"ታዲያ የሱ የቱ ነው?"

ስልኩን ተቀብዬ ወደ መጀመሪያው መለስኩላት። አራቱ ድምፆች ተሰሙ፤ የመጨረሻው ትንሽ ይሻክራል።

"ይሄው ነው" አልኳት። "ከዚህ በኋላ የለም።"

ስልኩን ከእጄ ወስዳ እንደገና ከፈተችው፤ አራተኛው ድምፅ ላይ አቆመችው። ደገመችው። ከዚያ ቀና ሳትል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"እርስዎን በጣም ይፈራዎት ነበር። አንድ ጊዜ ቢቆጡት ሐኪም ቤት ይሄድ ነበር።"

መልሴን አልጠበቀችም፤ ከመጀመሪያው ከፈተችው።