ያልታጠበችው

1

«ጋሽ ይርዳው፣ ውሃ!»

2

የጤና ጣቢያው ዘበኛ ነኝ። ውሃ የማሞቀውም እኔ ነኝ። ልጅ ሲወለድ እጥዳለሁ፤ ይታጠባል፤ ለአያቱ ይሰጣል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

ቁጥር የማደርገው እንዳልረሳ ነው። ማሳመር አልችልም።

3

ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት፦

ሀ. ልጁን ቶሎ አድርቁት።
ለ. ገላ ለገላ አድርጋችሁ እናቱ ደረት ላይ አስተኙት።
ሐ. አንድ ቀን ሳይሞላው ገላውን አትጠቡት።

በብዙ አገር ተጠንቶ የተደረሰበት ነው ይላል ከግርጌው። ከተለጠፈ ስምንት ወር ሆነው።

4

አዋላጇን ሲስተር ማስተዋልን ጠየቅኋት።

— ወረቀቱ ውሸት ነው?

— እውነት ነው ጋሼ።

— ታዲያ ውሃ ለምን ታዢኛለሽ?

— ወረቀቱን የላኩት ሰዎች ከአያቶች ጋር አይጣሉም። «ልጃችንን ከነእድፉ አስታቀፈችን» እየተባልኩ ገበያ የምወጣው እኔ ነኝ።

ጣድኩ።

5

ታጥበው ሲወጡ ከንፈራቸው የሚጠቁር ልጆች አይቻለሁ። ደጋ ስለሆነ ነው እንል ነበር።

6

ረቡዕ፣ ረፋዱ ላይ፣ አራት ሰዓት። ትርንጎ የምትባል ሴት ከወሯ ቀድማ ወለደች። ሴት። ሁለት ኪሎ አትሞላም።

እናቲቱ ደም በዛባት። ሐኪሙ መጋረጃውን ጋርዶ እሷን ያዘ። ወረቀቱ የሚለው ደረት አልተገኘም።

7

ወይዘሮ የውብዳር (የትርንጎ እናት)፦ ውሃው የታለ?

ሲስተር፦ አትታጠብም እትዬ። ቀዝቅዛለች፤ ሙቀቷ 34.8 ነው። ከታጠበች አትተርፍም። አባቷ ሸሚዙን ያውልቅና ደረቱ ላይ ይያዛት።

አስማረ (አባትየው)፦ አማቴ ፊት?

ወይዘሮ የውብዳር፦ ምን ጉድ ነው!

አስማረ፦ እሳቸው ፊት እግሬን እንኳ አነባብሬ አላውቅም።

ሲስተር፦ እንግዲያው እርስዎ ውጭ ይቆዩ።

ወይዘሮ የውብዳር፦ ልጄ እየደማች? ንቅንቅ አልልም! አንቱ ሽማግሌ፣ ምን ይገትርዎታል? ውሃውን ያምጡ እንጂ!

8

ውሃው እጄ ላይ ነበር።

በሩ ሥር ደፋሁት።

9

ወይዘሮ የውብዳር ልጅቷን አዩ። ከንፈሯን አዩ። ከዚያ ወንበራቸውን ጎትተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ነጠላቸውንም ዐይናቸው ላይ ሳቡ።

«ያውልቁ፤ አላይም።»

10

ሸሚዝ።

ደረት።

ልጅ።

ጋቢ።

11

አራት ተኩል፦ 35.1

አምስት፦ 35.5

«አሁንስ?» ይላሉ ለግድግዳው።

አምስት ተኩል፦ 35.9

«አሁንስ?»

ስድስት ተኩል፦ 36.6

«ሞቃለች» አለች ሲስተር። የትርንጎም ደም ቆሞ ነበር። ወይዘሮ የውብዳር ግን አልዞሩም። ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

12

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልጨርስ አስቤ ነበር። ነገር ግን አንድ ልጅ ስለሞቀች ልማድ አይለወጥም።

ሐሙስ ሌላ ሴት ወለደች። ወፍራም፣ ጯሂ ወንድ። ምንም ያልሆነ። አያቱ ከበሩ ላይ ሆነው «ውሃው ደረሰ ወይ?» አሉ።

ሲስተር እኔን አየችኝ። እኔ ምድጃውን።

ወይዘሮ የውብዳር ከትርንጎ አልጋ አጠገብ ተነሡ። ሄደው የአያትየዋን ክንድ ያዙ፤ እንዲህም አሏቸው፦

13

«ዛሬ ሳይታጠብ ይደር፤ የልጄ ልጅ የተረፈችው ሳትታጠብ ነው፤ ይምጡና ሙቀቷን በእጅዎ ይንኩት።»