የነሲባ ዥዋዥዌ

ከራስ መኮንን ድልድይ ዝቅ ብሎ፣ የጎረቤቶቻችን ቤቶች የፈረሱበት ቦታ ላይ ዥዋዥዌ ተተከለ። ተራ ዥዋዥዌ እንዳይመስላችሁ፤ ልጅ ሲወዛወዝበት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ባትሪ ውስጥ ይጠራቀምና ማታ ወደ ሰፈራችን የሚያወጣውን ደረጃ መብራት ያበራል። ብልሃቱ አይናቅም። ግን ልጆቹ ከነወላጆቻቸው ኮንዶሚኒየም ከገቡ ቆዩ። ከደረጃው በላይ በቀረነው ጥቂት ቤቶች ያለችው ልጅ የሳሊሀ ልጅ ነሲባ ብቻ ናት።

ከትምህርት ቤት እንደመጣች ቦርሳዋን እኔ ደጅ ወርውራ ወደ ዥዋዥዌው ትሮጣለች። ጉንፋን ይዟት የተኛች ሰሞን ደረጃው ጨለመ፤ እኛ ጎልማሶቹ ግድግዳ እየዳበስን ወረድን።

"መብራት ኃይላችን ተሻላት ወይ?" እያልኩ ሳሊሀን ስጠይቃት ሰነበትኩ።

ዥዋዥዌው ቅዳሜ ሊመረቅ ነው ተባለ። ነሲባ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ ማልዳ ወረደች። ጥበቃው ገብረአብ ሪባኑ ጋ አገዳት።

"ዛሬ አይቻልም።"

"እኔ እኮ ነኝ ጋሼ! ሁሌ የምጫወተው!"

"ለተጋበዙት ነው። ቲሸርት ላላቸው።"

የተጋበዙት ተማሪዎች ከአስተማሪያቸው ጋር በአውቶቡስ መጡ። ነጭ ቲሸርታቸውን እንደለበሱ ተራ በተራ ተቀመጡ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ወረዱ። ዥዋዥዌው በቅጡ እንኳ አልተነቃነቀም። ከዚያ አንዱ ማብሪያውን ሲጫነው፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ መብራቱ ቦግ! ተጨበጨበ።

"ይህ ብርሃን የእነዚህ ልጆች የጨዋታ ውጤት ነው!" አሉ የክብር እንግዳው በማይክ።

ደሜ ፈላ። ነሲባ ከዳነች ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመችው አይደል እንዴ!

ልጮህ አፌን ስከፍት ሳሊሀ ቀደመችኝ። ዝምተኛ የምንላት ሴት ሪባኑን ገፍታ ገባች።

"ውሸት ነው ጌታዬ! ያበራችው ይቺ ናት። ጓደኞቿን ወሰዳችሁባት፤ ብቻዋን እየተወዛወዘች አበራችላችሁ። ዛሬ ደግሞ ዘበኛ አቆማችሁባት?"

እንግዳው ላባቸውን ጠረጉ። "ቲሸርት ስጧትና ፎቶ ትነሳ" አሉ።

"ፎቶ አልፈልግም" አለች ነሲባ። "መጫወት ነው የምፈልገው።"

ገብረአብ ግራ ቀኙን አየና እጁን አወረደ። ነሲባ በርራ ዥዋዥዌው ላይ ወጣች። ቀሚሷ እስኪነፋ ስትወዛወዝ፣ ከቲሸርት ለባሾቹ አንዷ ከሰልፉ ሾልካ ሄደች።

"ልግፋሽ?"

"ነይ፣ ጠንከር አድርጊው!"

"አንቺ! ትቆሽሻለሽ!" ብላ አስተማሪዋ ጮኸች።

"ትቆሽሻ!" አልኳት እኔ። "ሳሙናውን እኔ እችላለሁ!"